ገውዝ በወተት ልጠጣ? ፊቴንስ ልቀባው?

ጥያቄው፦ «ሰላም ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 4 ወር ሆነኝ፣ እያጠባሁ ነው። እርጉዝ እያለሁ ጉንጬና ግንባሬ ላይ የወጣው ማድያት እስካሁን አልለቀቀኝም። አሁን ደግሞ አገጬ አካባቢ ብጉር ጀማምሮኛል። ቲክቶክ ላይ አንዷ ገውዝ በማርና በሎሚ ለውሳ ፊቷን ስትቀባ አየሁ፤ በሳምንት ማድያቴ ጠፋ ትላለች። አማቴ ደግሞ እንቅልፍ እንዳጣሁ ስላዩ፣ ማታ ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ ገውዝ በትኩስ ወተት ጠጪ፣ ለልጁም በማር ነካ አድርጊለት፣ ሁለታችሁም ለጥ ትላላችሁ ይሉኛል። የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ አይጎዳም ብዬ ገውዙን ገዝቼ አስፈጭቻለሁ። የሚባለው ሁሉ እውነት ነው ወይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከመጀመርሽ በፊት መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ሐኪም ሳልሆን ፋርማሲስት ነኝ። የጠየቅሽኝ ነገር ግን በትክክል የኔ ሥራ ነው፤ አንድ ነገር በምን ያህል መጠን እንደሚጠቅምና ከየት ጀምሮ እንደሚጎዳ ማወቅ።

ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርሽ። የሻይ ማንኪያ ሙሉ ገውዝ አትጠጪ። ለልጁ በጣት ጫፍም ቢሆን አትስጪው። ፊትሽንም በሎሚ ለውሰሽ አትቀቢው። ወጥሽ ውስጥ ወይም ሻይሽ ላይ ቆንጠር አድርገሽ ብትጨምሪው ግን ምንም ክፋት የለውም። አስፈጭተሽ ያስቀመጥሽው አይጣል፣ ለመከለሻ ይሆናል።

አማትሽን ደግሞ እንዳትቀየሚያቸው። እሳቸው የነገሩሽ ከሜዳ ተነስቶ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ገውዝ እውነትም አእምሮ ላይ ይሠራል። ውሸት ቢሆን ኖሮ «ጠጪው፣ ምንም አያመጣም» ብዬ በለቀቅሁሽ። እውነት በመሆኑ ነው የምጨነቀው።

ገውዝ የአንድ ትልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚኖር ዛፍ የፍሬ አስኳል ነው። የትውልድ አገሩ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሉት ባንዳ የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ኮክ የሚመስለው ፍሬው ሲበስል ለሁለት ይሰነጠቃል። ውስጡ ጥቁር ቡናማ ቅርፊት ያለው ዘር አለ፤ በዘሩ ላይ ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ መረብ ተጠምጥሞበታል። ቀዩ መረብ ለብቻው ደርቆ ሌላ ቅመም ይሆናል። ዘሩ ለሳምንታት ይደርቅና፣ ሲነቀንቁት ቅርፊቱ ውስጥ መንኳኳት ሲጀምር ይፈለፈላል። እኛ ሱቅ የምናገኘው ያንን አስኳል ነው። ለዚህች ፍሬ ሲባል ብዙ ደም ፈሷል። የደች ነጋዴዎች በ1621 ባንዳን በጦር ሲይዙ አብዛኛው የደሴቶቹ ሕዝብ አልቋል ወይም ተሰዷል። በ1667 በብሬዳ ውል ደግሞ እንግሊዞች ሩን በምትባል 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባላት የገውዝ ደሴት ላይ የነበራቸውን ይገባኛል ባይነት ትተው፣ ዛሬ የኒውዮርክ እምብርት የሆነችውን ማንሃታንን አስቀሩ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ገውዝ ወረርሽኝ ይከላከላል ተብሎ ይታመን ነበር። «ገውዝ መድኃኒት ነው» የሚለው ወሬ ዕድሜው ረጅም መሆኑን እንድታዪ ብዬ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ከጓዳ ሦስት ገውዝ አምጥቼ፣ ዱቄት በምንመዝንበት ትንሽ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። ትንሿ 4.8 ግራም ሆነች። ሁለተኛዋ 5.6። ትልቋ 6.9። ከዚያ አንዷን ፈቅፍቄ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ አድርጌ ሞላሁ፤ 2.3 ግራም መጣ። ክምር አድርጌ ስሞላው ከ3 ግራም አለፈ። ሰው «አንድ የሻይ ማንኪያ» ሲባል በቤቱ የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክምሩን ነው።

በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የገውዝ መመረዝ ምልክት በአዋቂ ሰው ላይ በብዛት የተመዘገበው ከ5 ግራም ጀምሮ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ከዚያም ባነሰ መጠን ታይቷል። እንግዲህ አስቢው። ሁለት ክምር ማንኪያ ከዚያ መስመር ያልፋል። አንዲት ሙሉ ፍሬም ብዙ ጊዜ ታልፈዋለች። ለስድስት ሰው በሚሠራ ድስት ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ግን ሩብ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል ከ0.1 ግራም በታች ነው። ቅመም ሆኖ ሲበላ ከአደጋው በጣም ይርቃል። «መድኃኒት» ሆኖ ሲጠጣ ግን ከመርዙ አጠገብ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል እንቅልፍ አምጥቶ ሌላ ጣጣ የማያመጣ አስተማማኝ መጠን የለም። ለዚህ ነው አንድም ፋርማሲስት «ለእንቅልፍ ይህን ያህል ግራም ውሰጂ» ብሎ የማይጽፍልሽ።

የሚሠራው ምንድን ነው? ገውዝ ውስጥ ያለው የሚተን ዘይት ሚሪስቲሲን፣ ኤለሚሲን እና ሳፍሮል የሚባሉ ነገሮችን ይዟል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዛት ሲገቡ አእምሮን ያናጋሉ። ሳፍሮል ደግሞ በእንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣቱ ስለታወቀ፣ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ለሰውም ሊያሰጉ ይችላሉ ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። በወጥ ውስጥ ያለችው ቆንጠር አታሳስብም። በየቀኑ በማንኪያ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ የማልረሳው ነገር ላጫውትሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ወጣት በወንድሙ ተደግፎ ፋርማሲ ገባ። ወንድሙ «ጠጥቶ ነው መሰለኝ» አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው የአልኮል ሽታ የለውም። ፊቱ ቀልቷል። ከንፈሩ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ማውራት አቅቶታል። ምላሱን አውጣ ስለው እንደ ወረቀት ደርቋል። የልብ ምቱን ስቆጥር በደቂቃ ከ130 በላይ ነው። እጄን ጭምድድ አድርጎ ይዞ «ልሞት ነው፣ ልሞት ነው» ይላል። ለፈተና ሲያጠና እንቅልፍ እየከለከለው፣ ጓደኛው ገውዝ በማር ብላ ብሎት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ማንኪያ በላ። ሁለት ሰዓት ጠበቀ፣ ምንም የለም። «አልሠራም» ብሎ ሁለት ማንኪያ ደገመ።

ይህ «አልሠራም» የሚለው ነገር ነው ሰውን የሚጥለው። ገውዝ ወዲያው አይሠራም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሰው የጠበቀው ሳይመጣ ሲቀር ይደግማል። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጡበታል። ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አይለቅም፤ አንድ ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል። የአፍ መድረቅ፣ የልብ መምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ከባድ ፍርሃት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ሽንት መከልከል። ያንን ልጅ ሆስፒታል ላክነው፤ በሦስተኛው ቀን ደህና ሆኖ ወጣ። ለገውዝ ተብሎ የተሠራ ማርከሻ የለም። ሐኪሞች የሚያደርጉት ፈሳሽ መስጠት፣ ልብን መከታተል፣ ማረጋጋትና እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። በቤትሽ አንድ ሰው እንዲህ ቢሆን፣ ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትታችሁ አታስመልሱት፤ ብቻውን ሳትተዉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ይህ የዛሬ ግኝት አይደለም። በ1576 ሎቤሊየስ የተባለ ሐኪም፣ አንዲት እርጉዝ እንግሊዛዊት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ገውዝ በልታ አእምሮዋ እንደተናወጠ ጽፎ ትቷል። በ1829 ደግሞ ስሙ በአንጎል ሴሎች ላይ የተሰየመለት የቼክ ሳይንቲስት ፑርኪንየ ሦስት ገውዝ በልቶ ራሱ ላይ ሞከረው። ሕልሙና እውኑ ተደበላለቀበት። ገውዝ ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ተወስዶ ሰው የሞተበት አጋጣሚም በሕክምና መጽሔት ታትሟል። የእንቅልፍ፣ የድብርት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቤትሽ ካለ ይህን በተለይ ንገሪልኝ።

የጡት ወተትን በተመለከተ። እነዚህ ነገሮች ቅባት ውስጥ በቀላሉ የሚሟሙ ናቸው፤ የጡት ወተት ደግሞ ቅባት አለው። የምትጠጪው በብዛት ሲሆን ለልጁ ይተርፋል ብሎ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ከወጥ የምታገኚው ግን አያስጨንቅሽ።

ስለ ልጁ ደግሞ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። እዚህ ላይ ሁለት አደጋ አለ። የመጀመሪያው ራሱ ገውዙ ነው። የአራት ወር ሕፃን ክብደት 6 ወይም 7 ኪሎ ነው። ለአንቺ ቆንጠር የሆነው ለእሱ ብዙ ነው። ጉበቱ ገና እየተማረ ነው፤ የገባውን ቶሎ አጣርቶ ማስወጣት አይችልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት ገውዝ በልቶ እንደሞተ ተመዝግቧል። ስምንት ዓመት ነው እንግዲህ፣ አራት ወር አይደለም። ሕፃን በገውዝ ተኛ ማለት ደግሞ አረፈ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። የደነዘዘ ሕፃን በደንብ አይጠባም፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል።

ሁለተኛው ማሩ ነው። ይህን ብዙ እናቶች አያውቁም። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ንጹሕ የተባለ ማር እንኳ ቦቱሊዝም የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖረው ይችላል። የአዋቂ አንጀት ይቋቋመዋል። የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ይበቅልና መርዝ ያመነጫል። ልጁ ይዝላል፣ ማልቀስና መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ማሩንም ገውዙንም ከልጁ አርቂ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ።

ወደ ፊትሽ ልምጣ። ጥያቄሽ ላይ መጀመሪያ የጻፍሽው እሱን ነው፣ ምን ያህል እንደሚያሳስብሽም ይገባኛል። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራሽ ጉንጭሽን የሚያይ እየመሰለሽ አንገት መድፋት ቀላል ነገር አይደለም።

«ገውዝ ማድያት ያጠፋል» የሚለው ወሬ ከአንድ እውነት የተቆነጠረ ነው። ቆዳችን ቀለሙን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ በሚባል ኢንዛይም አማካይነት ነው። ከገውዝ ተነጥሎ የወጣ ማሴሊግናን የሚባል ነገር፣ በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ ይህን ኢንዛይም ሲያዳክም ታይቷል። እዚያ ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን ላቦራቶሪ የገባው ተነጥሎ የተጣራው ነገር ነው። አንቺ የያዝሽው ዱቄት ነው። ያ ነገር ከዱቄቱ ወጥቶ፣ የቆዳሽን ሽፋን አልፎ፣ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ዘንድ በቂ ሆኖ መድረስ አለበት። በ15 ደቂቃ ማስክ ይህ አይሆንም።

ይልቅ ሌላ ነገር ይሆናል። በሙቀጫም በወፍጮም የተፈጨ ገውዝ በዓይን የላመ ይምሰል እንጂ፣ በጣትሽ መካከል ስታሺው አሸዋ አሸዋ ይላል። ፊት ላይ ሲታሽ ይፍቃል። የሚተነው ዘይቱ ደግሞ ያቃጥላል። ፈረንጅ ፊቱ ቢቆጣ ይቀላና ያልፍለታል። የእኛ ቆዳ ግን ሲቆጣ ይጠቁራል። ትንሽ ጭረት፣ ትንሽ ቃጠሎ፣ የፈረጠ ብጉር፣ ሁሉም ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል፤ ምልክቱም ወራት ይቆያል። ማድያት ላጠፋ ብለሽ ሌላ ጥቁረት ትጨምሪያለሽ።

ሎሚው ከሁሉም ይብሳል። የእኛ አገር ትንሿ ሎሚ ፀሐይ ሲነካት ቆዳን የሚያቃጥል ነገር በውስጧ አለ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲወጣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይጠቁራል። አንዲት ደንበኛዬ ልክ አንቺ ያየሽውን ውህድ ተቀብታ፣ በቅጡ ሳትታጠብ ልብስ ልታሰጣ ደጅ ወጣች። ፋርማሲ ስትመጣ ጉንጯ ላይ ከነበረው ይልቅ አንገቷ ነው ያስደነገጠኝ። ከጉንጯ የወረዱት የሎሚ ጠብታዎች የሄዱበት መንገድ ሁሉ ጥቁር መስመር ሆኖ ቀርቷል። ሦስት ቀጫጭን መስመር፣ እስከ አንገቷ ሥር። ለመጥፋት ወራት ፈጀባት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐዩ አደገኛ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ነፋሻ ስለሆነ ፀሐዩ የለዘበ ይመስለናል እንጂ ቆዳው ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ላድርግ ትዪኝ ይሆናል። ጥሩ ዜናው፣ በእርግዝና የመጣ ማድያት ብዙ ሴቶች ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ ቀስ እያለ ራሱ ይደበዝዛል። አራት ወር ገና ነው። የሚረዳው ትልቁ ነገር ከፀሐይ መጠበቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። የመከላከል አቅሙ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ከተገኘ ቀለም ያለበትን ግዢ። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል፤ ነጩ ሰንስክሪን ይህን እምብዛም አያደርግም። መጠኑ በአመልካችና በመሀል ጣትሽ ላይ ከጫፍ እስከ ሥር የተሰመረ ያህል ለፊትና ለአንገት ይበቃል። ደጅ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣም አትናቂ። ስስ ነጠላ ግን ብዙ አይከላከልም።

ለብጉሩም ለማድያቱም በአንድ ላይ የሚረዳ፣ ለምታጠባ እናትም የሚሆን አዜላይክ አሲድ የሚባል ክሬም አለ። ፋርማሲ ጠይቂ። መጀመሪያ ትንሽ ይቆነጥጣል፤ በሁለት ቀን አንዴ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ጨምሪ። ለውጡን ለማየት ሁለት ሦስት ወር ታገሺ። ሃይድሮኪኖን የሚባል ማቅያ ያለበትን ክሬም ስታጠቢ ተዪው፤ በቆዳ በኩል ብዙ ወደ ደም ይገባል። ስቴሮይድ ያለበትን ማቅያ ክሬም ደግሞ መቼም፣ ስታጠቢም ሳታጠቢም። በሳምንት ያፈካሽና ቆዳሽን አሳስቶ፣ ሥር አውጥቶ፣ በብጉር ሞልቶ ይተውሻል። አንድ ሌላ ነገር፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ጀምረሽ ከሆነ የትኛውን እንደሆነ እይ። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ማድያት ያባብሳል። ለሚያጠቡ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመረጠውም ኤስትሮጅን የሌለው ነው።

ማስክ መቀባት ደስ የሚልሽ ከሆነ ማሩን ለብቻው ተቀቢው። አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ። ማድያት አያጠፋም፤ ቆዳ ያለሰልሳል፣ አይጎዳም። ለራስሽ የተቀመጥሽባት አሥር ደቂቃም ቀላል አይደለችም። እጅሽን ታጥበሽ ነው ግን ልጁን የምታነሺው፣ ከላይ ስለ ማር ባልኩት ምክንያት።

ገውዝ ውበት ውስጥ ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ከሚተነው ዘይት ሌላ፣ ገውዝ በተፈጥሮው የሚረጋ ወፍራም ቅቤ አለው፤ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። በ1841 ሊዮን ፕሌይፌር የተባለ ኬሚስት ከዚህ ቅቤ አንድ የስብ አሲድ ለይቶ አወጣ፤ በገውዝ ዛፍ የላቲን ስም ሚሪስቲክ አሲድ ተባለ። ዛሬ ሳሙናሽና የፊት መታጠቢያሽ ላይ «ሚሪስቲክ» ወይም «ሚሪስቴት» የሚል ቃል ካየሽ ስሙ ከገውዝ የመጣ ነው። አሁን የሚሠራው ግን በአብዛኛው ከፓልምና ከኮኮናት ዘይት ነው። ሁላችንም የምናውቀው ቪክስም የገውዝ ዘይት አለበት። ገልብጠሽ አንብቢው፤ ከዋናዎቹ ካምፎር፣ ሜንቶልና ባሕር ዛፍ በታች ተጽፏል። ቪክስን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም። አፍንጫው ሥር ደግሞ በፍጹም።

ለፀጉር ያደርጋል የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ፀጉር እንደሚያሳድግ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አራት ወር ላይ ፀጉርሽ እየረገፈ ከሆነ ከወሊድ በኋላ የሚጠበቅ ነው፤ ተመልሶ ይበቅላል። ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ ከገውዝ ይሻላል። ለሆድ መነፋት ምግብ ላይ ቆንጠር ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፣ እኔም ቤቴ አደርገዋለሁ። ለተቅማጥ ግን ኦአርኤስ እንጂ ገውዝ አይደለም።

ወንዶች ደግሞ ለስንፈተ ወሲብ ገውዝ በማር በማንኪያ ሲወስዱ እሰማለሁ። ሕንድ ውስጥ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ለውጥ ታይቷል፤ በሰው ላይ ግን አይጥ የበላውን ይዞ መሄድ አይቻልም። በዚያ መጠን ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል። ችግሩ ራሱ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ሥር ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላልና መመርመሩ ይበልጣል።

ገውዝ ስትገዪ ድፍኑን ግዢ። የተፈጨው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ሽታውም ቶሎ ይሄዳል። እጅሽ ላይ ከበድ የሚለውን፣ ብስ የሌለውን ምረጪ። በመርፌ ወጋ አድርጊው፤ ጥሩው ዘይት ያወጣል። ስትቆርጪው ውስጡ እንደ እብነ በረድ ቡናማ ሥር የተዘረጋበት ነው። የሻገተ ወይም ነቀዝ የበላው ከሆነ ጣዪው፣ «ልቁላውና ይጠፋል» አትበይ። ገውዝ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ከሚያጠቃቸው ቅመሞች አንዱ ነው፤ ይህ መርዝ በቤት እሳት አይጠፋም። እህት ወይም ዘመድ ሳዑዲ አረቢያ ካለሽና ቅመም የምትልኪላት ከሆነ ደግሞ፣ ገውዝ እዚያ እንዳይገባ ከሚከለከሉ ነገሮች ውስጥ ነው። ሻንጣ ውስጥ አትክተቺባት።

አሁን ገውዙን ወደ ጎን እናድርገውና ስለ እንቅልፍሽ እንነጋገር። ጥያቄሽ ውስጥ አንድ ነገር አልነገርሽኝም። እንቅልፍ ያጣሽው ልጁ ስለሚነሳ ነው? ወይስ ልጁ ተኝቶም አንቺ ጣሪያ እያየሽ ታነጊያለሽ?

የመጀመሪያው ከሆነ ድካም ነው። አማትሽ እንደዚህ የሚያስቡልሽ ከሆኑ፣ ከገውዙ ይልቅ ጊዜያቸውን ጠይቂያቸው። «እማማ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አጥብቼው ልተኛ፣ እስከ አምስት ሰዓት ይያዙልኝ» በያቸው። ደስ ይላቸዋል። ሦስት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ብዙ ነገር ይቀይራል። ቡናሽን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ጨርሺ። ስልክሽን አልጋ ላይ አታውጪ፤ ማታ ስታጠቢም መብራቱ ደብዘዝ ይበል። ትኩስ ወተቱን ከወደድሽው ጠጪው። ላዩ ላይ ገውዝ ለሽታው ትንሽ ፈቅፍቀሽ ብትጨምሪበትም ችግር የለም፤ ከቢላ ጫፍ አትለፊ።

ሁለተኛው ከሆነ፣ ማለትም ልጁ ተኝቶ አንቺ መተኛት ካቃተሽ፣ ነገሩ ሌላ ነው። የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ መዛባት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ከወሊድ በኋላ ይከሰታሉ፣ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ደግሞም ምክንያቱን ሳታውቂው ማልቀስ፣ ለምንም ነገር ጉጉት ማጣት፣ «ጥሩ እናት አይደለሁም» የሚል ሐሳብ ካለ፣ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ብዙ እናቶችን ይይዛል። የአንቺ ድክመት አይደለም። ይታከማል፤ እያጠባሽም የሚወሰዱ መድኃኒቶች አሉት። ለልጁ ክትባት ወይም ክብደት ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ» ብለሽ ንገሪያቸው። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ለባልሽ ወይም ለአማትሽ ነግረሽ ሆስፒታል ሂጂ።

የትኛው እንደሆነ መልሰሽ ጻፊልኝ። ሰንስክሪንና አዜላይክ አሲድ ስትገዪ ደግሞ የማሸጊያውን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ሳትቀቢው አብረን እናነበዋለን።